ሰንሰለት የፈታች፣ ቦይ የደፈነች፣ ዝም ያለች

በአንድ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ከተማ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ ግቢ ነበር። ዝናብ ሲጥል የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ያንን ግቢ ነው። የግቢው መከራ ግን ከሚገባው ውሃ ይልቅ የሚወጣው ነበር። የከተማው የፍሳሽ ቱቦ ያለው ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ፍሳሽ ደግሞ ሽቅብ መውጣት አያውቅም። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ፍሳሻቸው የሚጠራቀምበት ጥልቅ ጉድጓድ በሲሚንቶ አስገነቡና፣ እዚያ ውስጥ ሰጥሞ ቆሻሻውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ አስተከሉ።

የተከለው እዚያው ግቢ የሚኖረው ታረቀኝ ነው። ታረቀኝ በሥራው የማይቀልድ ሰው ነበር። ከጉድጓዱ አፍ በላይ ባለ ሦስት እግር ብረት አቆመ፤ ገመድ የሚዞርበት ካሩኮላ ሰቀለበት፤ ፓምፑን በወፍራም ሰንሰለት አንጠልጥሎ ቀስ እያደረገ አወረደው። የወጣው ፍሳሽ ተመልሶ እንዳይወርድ ቱቦው ላይ ቫልቭ ገጠመ። ውሃው ሲሞላ ፓምፑን የሚያስነሳው፣ ሲጎድል የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ከግድግዳው ጋር እንዳይያያዝ አራቀው። ኤሌክትሪኩ ቢያፈተልክ የሚቆርጠውን ብሬከር ደግሞ ውሃ በማይደርስበት ከፍ ያለ ግንብ ላይ ገጠመው። ከዚያ ጎረቤቱን ሰበሰበ።

«ስሙኝማ» አለ። «ይሄ ፓምፕ በሰንሰለቱ ይወርዳል፣ በሰንሰለቱ ይወጣል። በኤሌክትሪክ ገመዱ የሚጎትተው ሰው ወይ ፓምፑን ይገድለዋል፣ ወይ ፓምፑ ይገድለዋል። ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ጨርቅና ጅማት አትልቀቁበት። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ማንም አይወርድም። እኔም ብሆን።»

«አንተ ካልወረድክ እኛ ለሽርሽር ልንወርድ ነው?» አለች ትርንጎ። ሰው ሳቀ፤ ታረቀኝም ሳቀ። ምክሩ በሳቅ ተበተነ።

ነገራችን በዚህ ግቢ ስለሚኖሩ ሦስት ሴቶች ነው።

በላይነሽ በዕድሜ ትልቋ ነበረች። በዓል ሲደርስ የቅርጫውን በሬ ገበያ ወርዳ የምትመርጥ፣ ከብልት አውጪዎቹ ጋር ቢላዋ የምትይዝ፣ የበሬ ታፋ ብቻዋን በገመድ ስባ የምትሰቅል ሴት ናት። ልጆቿን አሳድጋ በየአገሩ ስለበተነች ቤቷ ጭር ብሎባታል።

ትርንጎ በግቢው በር ላይ ከባሏ ጋር ጎሚስታ ነበራት። ጎማ ስትፈታ ከወንድ አታንስም፤ ስትናገር ደግሞ ምላሷ ከብረቷ ይሰላል። ወንዶች ልጆች እያከታተለች ወልዳ፣ አንዲት ጠጉሯን የምትጎነጉንላት ሴት ልጅ አጥታ ቀርታለች።

ወለላ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ግቢው ቲቸር ይላታል። ክፍል ውስጥ ድምጿ ይሰማል፤ ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ ግን አንገቷን ትደፋለች። አላገባችም፤ አልወለደችም። ለምን እንዳላገባች ሰው ሲጠይቃት «ሥራ በዛብኝ» ትላለች። ሥራ አልበዛባትም።

ታረቀኝ ከማግባቱ በፊት ጀምሮ እሱና ወለላ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ቧንቧዋ ሲያንጠባጥብ የሚጠግንላት እሱ ነው፤ አንዳንዴም ቧንቧዋ ደህና ሆኖ ሳለ ያንጠባጥብ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በሯ ላይ ቆመና ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሻሽ ጀመር። ወለላ ነጠላዋን አስተካከለች። «ቲቸር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አላት። «ስንዱ የምትባል ልጅ አለች። ላግባት ወይስ ይቅርብኝ?» ወለላ መሬቱን እያየች «ጥሩ ልጅ ናት፤ አግባት» አለች። ለሠርጉም ሽንኩርት ከተፈች፤ ዓይኗ ቢቀላ የሚጠይቃት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም። ስለ እሱ ማውራት ግድ ሲሆንባት «የስንዱ ባለቤት» ትላለች። ይህን ምስጢር ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም።

ስንዱ ደግሞ አፏ ቸር ነው። ነፍሰ ጡር ሳለች በላይነሽ ወገቧን ስታሽላት «ሴት ከሆነች ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ» አለቻት። ትርንጎ ከሐኪም ቤት ባጃጅ ይዛ ስትመልሳት «ሴት ከሆነች ያንቺ ናት» አለቻት። ወለላ የጀርባ ትራስ ሰፍታ ስታመጣላትም «ቲቸርዬ፣ ሴት ከሆነች ካንቺ በቀር ማን ያነሳታል» አለች። ሦስቱም በየልባቸው ይዘው ሄዱ።

ፋሲካ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሴት ተወለደች።

ያኔ የግቢው ሰላም አለቀ። በላይነሽ ገንፎ ይዛ ስትገባ የትርንጎ ገንፎ ተበልቶ ታገኛለች። ትርንጎ በተራዋ የበላይነሽን ሳህን ገልጣ ምን ያህል እንደጎደለ ታያለች። «እትዬ በላይነሽ፣ አራስ ልታጠነክሪ ነው ወይስ ግንብ ልትለስኚ?» ትላለች። በላይነሽም «አንቺ ደግሞ ገንፎሽ እንደ አፍሽ ቀጥኗል» ትላታለች። ወለላ ትርፍ ቃል አትናገርም። ግን በላይነሽ ሕፃኗን ስታጥብ ባየች ቁጥር፣ ውሃው እሷ ላይ እንደፈሰሰ ሁሉ ይበርዳት ነበር። ስንዱን ማየት ደግሞ ከሁሉ ይብስባት ነበር። ስንዱ ባሏም አላት፣ ልጇም አላት፤ አሁን ደግሞ ሦስት ሴት በራፏ ላይ ይጋፋላታል። አንዲት ሴት ይህን ሁሉ ምን ታደርገዋለች?

የፋሲካ ዋዜማ የቅርጫው በሬ መጣ። ሲመጣም የታሰረበትን ገመድ በጥሶ ትርንጎን እስከ ጎሚስታዋ ድረስ አባረራት። ታረቀኝ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ አልተመለሰም። በላይነሽ ግቢውን ቃኘች፤ ዓይኗ የፓምፑ ሰንሰለት ላይ አረፈ። ጎረምሶች ጠርታ ፓምፑን አስወጣች፤ ሰንሰለቱን ፈታች፤ ፓምፑንም በኤሌክትሪክ ገመዱ አንጠልጥላ መልሳ አወረደችው። «በዓሉ እስኪያልፍ ነው» አለች። በሬው ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። ወለላ በመስኮቷ ሁሉንም አየች። ታረቀኝ ሲመለስ ልንገረው ብላ አሰበች። ለመንገር ግን ማናገር ያስፈልጋል፤ እሷም ነገ ዛሬ እያለች አሳለፈችው።

በበዓሉ ማለዳ በሬው ታረደ፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፈለ። ጨጓራና አንጀት የማጠቡ ሥራ ለትርንጎ ደረሰ። ውጭ ወስዶ መድፋት ሰለቻትና እጣቢውን ከነጅማቱ በቦይ ለቀቀችው፤ የምታሽበት ጨርቅም አብሮ ሾልኮ ገባ። ቦዩ ዋጠላት።

በማግስቱ ፓምፑ ለአፍታ አቃሰተና ዝም አለ። ፍሳሹ የሚሄድበት ሲያጣ ወደመጣበት ተመለሰ። ከግቢው ቤቶች ሁሉ ዝቅ ያለው የአራሷ ቤት ነው። ጥቁር ውሃ በስንዱ መታጠቢያ ወለል ወጣና ወደ መኝታዋ ይሳብ ጀመር። ስንዱ ሕፃኗን ታቅፋ አልጋ ላይ ቆመች።

ለበዓሉ የተመለሰው ታረቀኝ የጉድጓዱን ክዳን ሲከፍት ሰንሰለት የለም።

«ሰንሰለቱስ?»

«በሬው አንገት ላይ ነበር» አለች በላይነሽ።

«አሁን የት ነው?»

«ቆዳ የገዛው ሰውዬ ከነቆዳው ጭኖት ሄደ መሰለኝ።»

ታረቀኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ይዞ አንዴ ሳበው፤ ሽፋኑ ሲላላ እጁ ላይ ተሰማውና ለቀቀ። አሁን ሌላ ገመድ ከፓምፑ እጀታ ጋር ማሰር አለበት፤ እጀታው ያለው ደግሞ ከታች፣ ቆሻሻው ውስጥ ነው። መሰላል አመጣ። ራሱ ያወጣውን ሕግ ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ የልጁን ለቅሶ ሲሰማ አንዱም ትዝ አላለውም። ብሬከሩን እንኳ አላጠፋም።

በላይነሽ የናይሎን ገመድ በወገቡና በብብቱ ሥር አዞረችበት። «ና እንደ በሬው ልሰርህ» አለችው።

«በሬውን አስረሽ አይደል እዚህ ያደረስሽኝ» አላት፤ ግን ታሰረላት።

ወለላ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ ከዚያ ሽታው ጠፋ። ይህን ለተማሪዎቿ ስንት ጊዜ አስተምራዋለች፤ ከፍሳሽ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሲበረታ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው፤ ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለሌለ አይደለም። «አትውረድ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አፏን ከፈተች። ልክ ያኔ ስንዱ ከውስጥ «ቶሎ በልልኝ የኔ ጌታ፣ አልጋው ሥር ደረሰ» አለች። ታረቀኝም አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳደረገ ዞሮ፣ ወለላ በሕልሟ እንኳ ባልሰማችው ድምፅ «መጣሁ የኔ ዓለም» አላት። የወለላ አፍ ተዘጋ። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ቅናት ከላዩ ተቀመጠበት። ታረቀኝ ወረደ።

ጎንበስ አለ፤ እጀታውን በእጁ ፈለገ። ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈና ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ሲጠሩት አይሰማም።

ስንዱ ሕፃኗን አልጋ ላይ ጥላ ሮጠች። ወደ ጉድጓዱ ልትገባ ስትል ወለላ ወገቧን ያዘቻት። የትርንጎ ባልም መሰላሉን ሊይዝ ሲል ወለላ መሰላሉን በእግሯ ገፍታ ከእጁ አራቀችው። «የወረደ ሁሉ ይሞታል» አለች። ግቢው ያንን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም፤ ሁሉም ባለበት ቆመ። ስንዱ ነከሰቻት፤ ጠጉሯን ነጨቻት። ወለላ አልለቀቀቻትም።

ትርንጎ ወደ ግንቡ ሮጣ ብሬከሩን አጠፋች፤ ሽፋኑ የላላው የኤሌክትሪክ ገመድ በታረቀኝ ብብት ሥር እንደነበር ያየች እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ከጎሚስታዋ የጎማ መንፊያውን ቱቦ እየዘረጋች አምጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደችው፤ ጫፉን ፊቱ አጠገብ አደረሰችና የመንፊያው ታንክ ውስጥ የተጠራቀመውን አየር ለቀቀችው።

በላይነሽ የናይሎኑን ጫፍ በካሩኮላው ላይ አሳለፈች፤ እግሯን ከብረቱ ጋር አስደገፈችና ሳበች። ገመዱ መዳፏን እየበላ፣ የበሬ ታፋ እንደምትሰቅለው አድርጋ ሳበችው። ሌሎቹም ደረሱላት። ታረቀኝ ጭቃ የተቀባ ነዶ መስሎ ወጣ።

መተንፈስ የጀመረው መሬት ላይ ተጋድሞ ነው። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሞቹ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ» አሉ፤ ቀሪውን አልጨረሱትም። ሳል ይዞት ተመለሰ፤ ግን ተመለሰ።

ሲያገግም ጉድጓዱን በፍሳሽ መጣጭ መኪና አስመጠጠ፤ ከፍቶ ሲነፍስ አዋለው፤ ፓምፑን ጫፉ በተቆለመመ ረጅም ሜንጦ ከላይ ሆኖ አጥምዶ አወጣ። ገመዱን ለወጠ፤ የተጠመጠመውን ጨርቅና ጅማት ከሥሩ አወለቀ፤ አዲስ ሰንሰለት ገጥሞ መልሶ ተከለ። ጫፉ ላይ ቁልፍ አደረገበት። ማንንም አልተቆጣም። ይህም በደለኞቹን ከቁጣ በላይ አሳመማቸው።

የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሲቃረብ ግን አሮጌው ጉዳይ ተነሳ። ሴት ልጅ አንዲት የክርስትና እናት ብቻ ናት ያላት። በቧንቧ ውሃ ተራ ላይ በላይነሽ «እኔ ባላሰርኩት በምን ይወጣ ነበር?» ትላለች። ትርንጎ «እኔ አየር ባልሰጠው የምትጎትቺው ሬሳ ነበር» ትላለች። አንዷ ለሕፃኗ ሻሽ ብትገዛ ሌላዋ ጥልፍ ቀሚስ ታሰፋለች። ወለላ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል የታረቀኝን ሳል ትሰማለች፤ ቀጥሎ የስንዱን «እግዜር ይማርህ» ትሰማለች፤ ትራሷን ገልብጣ ትተኛለች።

ታረቀኝን ቢጠይቁት «እኔ ተኝቼ ነበር፤ ያየሁት ነገር የለም። ስንዱ ትወስን» አለ።

ስንዱ ሦስቱንም ወደ ቤቷ ጠራች። «ያደረጋችሁልኝን በዓይኔ አይቻለሁ» አለቻቸው። «በዚያ ከለካኋችሁ አንዳችሁም አታንሱም። ልጄን አቅፋለሁ የምትል እስቲ የበደለችኝን ትንገረኝ።»

በላይነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰንሰለቱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ፓምፑን በኤሌክትሪክ ገመዱ አወረድኩት። በሬው እንዳያመልጥ እንጂ ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። ገመድ ያሰርኩበትም የጎተትኩትም ግን እኔው ነኝ። መዳፌን እይው።»

ትርንጎ ቀጠለች። «ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ሰንሰለት መፈታቱን በሬው ሲያባርረኝ ምኑን ላየው። ስንፍና ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። መብራቱን ያጠፋሁትና ትንፋሽ የላክሁለት ግን እኔ ነኝ።»

«ቲቸርማ ምን በደለችኝ» አለች ስንዱ፣ ወደ ወለላ ዞራ። «እሷ ባትይዘኝ ልጄ ያለ እናት ትቀር ነበር።»

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ወለላ አንገቷን ደፍታ ዝም ብትል ሕፃኗ የእሷ ነበረች፤ በላይነሽና ትርንጎም ይህን አውቀው እርስ በርስ ተያይተዋል። ዝምታ ደግሞ የወለላ የዕድሜ ልክ ሙያ ነው።

«ሰንሰለቱ ሲፈታ አይቻለሁ» አለች ወለላ። «ሲወርድም ጉድጓዱ እንደሚገድለው አውቅ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።»

«ስለምን?» አለች ስንዱ።

«አንቺ የኔ ጌታ ስላልሽው። እሱም የኔ ዓለም ስላለሽ።» ፊቷ እስከ አንገቷ ቀላ፤ ግን አላቆመችም። «ከአንቺ በፊት እወደው ነበር። ላግባት ወይ ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። አግባት አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንቺን ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ሳልቀናብሽ የዋልኩበት ቀንም የለም።»

በላይነሽ «ኧረ እቴ፣ ይህን ለንስሐ አባት ነው የሚነግሩት» አለች በቀስታ።

ስንዱ ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «ያን ቀን ወገቤን ስትይዢኝ፣ እኔን ልታድኚ ነበር?»

«አላውቅም» አለች ወለላ። «አንቺን ላድን ይሁን፣ ሞቱንም እንኳ ከእሱ ጋር እንዳትካፈዪው ይሁን፣ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብቻ አልለቀቅኩሽም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ስሙን መጥራት አልችልም።»

በላይነሽ ወደ ስንዱ ጠጋ አለች። «ልጄ፣ ለእሷ ከሰጠሻት በሽታሽን ቤትሽ አስገባሽ። የክርስትና እናት ሳትጠራ ትመጣለች፤ ልጇን ልትጠይቅ ነውና ማን ይመልሳታል።»

«ኧረ እንዲያውም» አለች ትርንጎ፣ ለራሷ ጥቅም መሆን አለመሆኑን ሳታስብ። «ክርስትና ካነሳችላት አበልጅ ሆነች። አበልጅ እህት ናት። ያን በር የሚዘጋው ከዚህ ሌላ ምን ቁልፍ አለ?» ተናግራ ስትጨርስ ምላሷን ነከሰች።

ስንዱ ሕፃኗን እንደታቀፈች ሦስቱንም እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

በክርስትናው ማለዳ ሦስቱም ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ቆሙ። በላይነሽ ጥልፍ ቀሚሱን ይዛለች። ትርንጎ ማተቡን በጣቷ ጠምጥማለች። ወለላ ባዶ እጇን መጥታ ከአንድ ዓምድ ጎን ቆማለች፤ ልቅር ወይስ ልምጣ ብላ ሌሊቱን ስትሟገት አድራ መጥታለች። ታረቀኝ ወደኋላ ሆኖ ይስላል። ካህኑ ሕፃኗን ከውሃው አውጥተው ወደ ሴቶቹ ዞሩና «ተቀባይዋ ማን ናት?» አሉ።

ሦስት ጥንድ እጆች ተዘረጉ። ሁለቱ ፈጥነው፣ የአንዷ ግን ዘግይተው። ስንዱ ሦስቱንም አየቻቸው፤ ካህኑም ሕፃኗን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

አድማጮች ሆይ፣ አንደኛዋ ሰንሰለት ፈታች፣ ግን ስባ አወጣችው። ሁለተኛዋ ቦይ ደፈነች፣ ግን ትንፋሽ ላከችለት። ሦስተኛዋ ዝም አለች፣ ግን እናቲቱን አተረፈች፤ ማንም ሳይጠረጥራትም እውነቱን ተናገረች። እናንተ በስንዱ ቦታ ብትቆሙ፣ ሕፃኗን ለማን እጅ ትሰጡ ነበር?